ኪሴ ሲሳሳ ወገቤ ለምን ሰፋ

ወፈር ያለ ሰው ስናይ የብዙዎቻችን ግምት አንድ ነው፤ ተመችቶታል እንላለን። እኔም ክብደቴ በጨመረበት ወቅት ያገኘኝ ሁሉ «ኑሮ ተስማምቶሻል» እያለኝ ያልፍ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ጊዜ ገንዘብ ያጠረኝ ወቅት ግን የለም። ቋሚ ደመወዝ ያለኝ የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩና፣ ቤቴ ተቀምጬ የተለያዩ ነጋዴዎችን መዝገብ እየያዝኩ በሠራሁት ልክ መከፈል ጀመርኩ። ሥራው አንዳንዴ ይደራረባል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይጠፋል። ሠርቼ ያስረከብኩት እንኳ የሚከፈለኝ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እየተባለ ነው። ቤት ውስጥ ሁለት ልጆችና እናቴ አሉ። ገቢዬ ከግማሽ በታች በወረደበት በዚያ ወቅት ነው ቀሚሶቼ አንድ በአንድ እምቢ ያሉኝ።

ይህን የምጽፈው እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ ሆኖ «ይሄን ያህል አልበላ፣ ለምን እወፍራለሁ?» እያለ ለሚጨነቅ ሰው ነው። የሕክምና ባለሙያ አይደለሁም። ሙያዬ ቁጥር ነው፤ ነገሩም የተገለጠልኝ በቁጥር በኩል ነው።

ራስ ምታት አላስቀምጥ ሲለኝ ክሊኒክ ሄድኩ። የደም ግፊቴ ከፍ ብሎ ተገኘ። ክብደቴ ከቁመቴ ጋር ሲሰላም ከ30 በላይ ሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ክብደትን በኪሎ ይዞ፣ በሜትር ለተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል ነው። ለአዋቂ ሰው ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ሐኪሙ «አመጋገብዎን ያስተካክሉ» ብሎ አንድ የታተመ ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቱ ላይ ዓሣ አለ፣ ለውዝ አለ፣ የወይራ ዘይት አለ፣ በየቀኑ ቀለሙ የተለያየ ፍራፍሬ አለ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ቁጭ ብዬ ዋጋ ደመርኩበት። ለእኔ ለአንዷ ብቻ የወጣው ድምር ለአራታችን ከያዝኩት የአስቤዛ ገንዘብ በልጦ ተገኘ። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በቀጠሮዬ ስመለስ ግፊት የምትለካው ነርስ፣ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት፣ ስለ ወረቀቱ አንድም አልጠየቀችኝም። ክንዴ ላይ መለኪያውን እያሰረች «የኔ እህት፣ ገንዘብ ስታገኚ መጀመሪያ የምትገዢው ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ፣ ዱቄት።»

«ሲያልቅብሽስ?»

«ዳቦ በሻይ።»

«ቁርስ ትበያለሽ?»

«ለልጆቹ እንዲደርስ እያልኩ እዘለዋለሁ።»

አየት አደረገችኝና «እስኪ የምትገዢውን ጽፈሽ ይዘሽልኝ ነይ» አለች። ሌላ ምክር አልሰጠችኝም። ከዚያ ሁሉ ወረቀት ይልቅ የጠቀመችኝ ግን እሷ ናት።

ደረሰኝ የመጣል ልማድ የለኝም። ያለፉትን ወራት የአስቤዛ ደረሰኞች አውጥቼ ደብተር ላይ ሦስት ዓምድ አሰመርኩ፦ በአንዱ ዋጋ፣ በሁለተኛው ከዕቃው የሚገኘው ካሎሪ (የምግብ ኃይል መጠን)፣ በሦስተኛው ፕሮቲን። የካሎሪውና የፕሮቲኑ መጠን በብዙ እሽጎች ጀርባ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ሳይታሸግ የሚሸጠውን ደግሞ ከሥነ ምግብ ሠንጠረዥ ላይ ፈለግኩት። ከዚያ ዋጋውን ለካሎሪው አካፈልኩ። የወጣው ውጤት የኑሮዬን ምስል ቁልጭ አድርጎ አሳየኝ። በአንድ ዓይነት ገንዘብ ከዘይት፣ ከስኳርና ከዱቄት የማገኘው ኃይል ከአትክልትና ከፍራፍሬ ከማገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ይህንኑ ኃይል ከጥቅል ጎመን ላግኝ የሚል ሰው ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ መብላት አለበት። ዘይቱ ድስት ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ጎመኑ ግን መታጠብ፣ መከተፍ፣ መበሰል ይፈልጋል፤ ሲያድርም ይጠወልጋል።

ይህን ነገር በምርምር ለዓመታት የተከታተለው አሜሪካ የሚሠራው የሥነ ምግብ ተመራማሪ አዳም ድሬውኖቭስኪ ነው። እሱና ባልደረቦቹ ደጋግመው ያሳዩት ነገር፣ በትንሽ ክብደት ብዙ ኃይል የያዙ ምግቦች፣ ማለትም የተፈተገ እህል፣ የተጨመረ ስኳርና ቅባት፣ በካሎሪ ሲሰሉ ከሁሉም የረከሱ መሆናቸውን ነው። በጀት ሲጠብ የሰው ምርጫ ወደ እነዚህ ያዘነብላል። ደብተሬ ላይ ያለው ከዚህ የተለየ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ድሃ ሰው «ስለማያውቅ» ነው በደንብ የማይበላው የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። አራት ሰው የሚያበላ ሰው በእጁ ያለው ገንዘብ ትንሽ ከሆነ፣ ማንም ተርቦ እንዳያድር መጀመሪያ የሚገዛው ብዙ ኃይል በርካሽ የሚሰጠውን ነው። ትክክለኛ ሒሳብ ነው። ችግሩ ሒሳቡ የሚቆጥረው የዛሬን ረሃብ ብቻ መሆኑ ነው፤ ግፊቱና የስኳር በሽታው ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ዕዳ ስለሆነ በዛሬ ደረሰኝ ላይ አይታይም።

እንደ እኔ የሒሳብ ሰው የሆነ አንባቢ ካለ፣ ጀርመናዊው የስታቲስቲክስ ባለሙያ ኤርንስት ኤንግል እ.ኤ.አ. በ1857 ያስቀመጠውን ያስታውሳል። ገቢ ባነሰ ቁጥር ለምግብ የሚወጣው ድርሻ ይጨምራል። ትምህርት ቤት ስማረው ለፈተና የምሸመድደው ነገር ነበር። ደመወዜ ሲቋረጥ በራሴ መዝገብ አየሁት፤ ለምግብ የማወጣው ከገቢዬ ግማሹን አልፎ ሄደ፣ ጠረጴዛ ላይ የሚቀርበው ዓይነት ግን እየቀነሰ መጣ። ኪራይ አይቀነስም፣ የትምህርት ቤት ክፍያ አይቀነስም፣ መብራት አይቀነስም። የሚቀነሰው ሆድ ውስጥ የሚገባው ነው። እሱም ቢሆን በመጠን ሳይሆን በዓይነት ነው የሚቀነሰው፤ መጀመሪያ ፍራፍሬው ይቀራል፣ ቀጥሎ ሥጋው፣ ቀጥሎ ወተቱ። ዘይትና ስኳር መጨረሻ ላይ የሚቀሩ ናቸው።

እንዲህ ስል ድህነት ሁሌም ያወፍራል ማለቴ አይደለም። ጭራሽ ሲጠፋ ሰው ይከሳል፤ ይህ ማስረጃ አያሻውም። እ.ኤ.አ. በ1989 ሶባልና ስተንካርድ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች 144 ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ባደጉ አገሮች በተለይ ሴቶች ላይ ውፍረት በድሆቹ ዘንድ በርክቶ፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ በተቃራኒው በሀብታሞቹ ዘንድ በርክቶ አገኙት። ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አገር ገቢው ባደገ ቁጥር የውፍረቱ ሸክም ቀስ በቀስ ወደ ዝቅተኛ ገቢ ሰዎች፣ መጀመሪያም ወደ ሴቶች ይዞራል። ክፉው ቦታ መሀሉ ነው እላለሁ፤ ዘይትና ስኳር ለመግዛት የሚበቃ፣ አትክልትና እንቁላል ለመግዛት የማይበቃ ገንዘብ ያለበት ቦታ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰው አንዱ ከልክ ያለፈ ውፍረት ነበረበት። በዚያው ዓመት ደግሞ ጤናማ ምግብ ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ሰው ከ2.5 ቢሊዮን ይበልጥ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮች የተለያዩ ሰዎች የሚመስሉት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሁለቱም ውስጥ ነበርኩ።

ዋጋው ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የገንዘቡ አመጣጥ ነው፣ እንደ እኔ እምነትም ብዙ የማይወራለት ይኸኛው ነው። ደብተሬን በቀን ስደረድረው ወሩ ሁለት መልክ ነበረው። ክፍያ በገባ ሰሞን ቤቱ ይሞቃል፤ ልጆቹ የለመኑት ብስኩት ይገዛል፣ ለስላሳ ይገባል፣ ጥብሱ በዘይት ይዋኛል። ተጎድተን ከርመናል፣ ማን ይከለክለናል? ከዚያ ቀኑ ይገፋና ክፍያው ሲዘገይ ምግቡ እየሳሳ ይሄዳል። በዚህ ጊዜ እኔ ቁርስ እዘላለሁ፣ ምሳዬን አሳንሳለሁ። እናት የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ማታ ግን ረሃቡ ይበረታና ድስት ጥግ የቀረውን ሁሉ ጠራርጌ፣ በላዩ ላይ ዳቦ ጨምሬ እተኛለሁ። አጠቃላይ የምበላው ትንሽ ይመስለኝ ነበር፤ ምክንያቱም የማስታውሰው የዘለልኩትን ነው። ደብተሩ የመዘገበው ግን የበላሁትን ነው። የምግብ ዋስትና ማጣትና ውፍረት በተለይ ሴቶች ላይ አብረው እንደሚታዩ በብዙ ጥናቶች ተደጋግሞ ተገኝቷል፤ እኔ በገዛ ወጥ ቤቴ ያየሁት መንገድ ይህ ነው።

እንቅልፍም አለ። ሥራ ሲደራረብ መዝገብ የምዘጋው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱን የሚያሻግረኝ ደግሞ ሻይ ነው። አንድ ሲኒ ላይ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር አደርግ ነበር። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ገደማ ነው። አምስት ሲኒ ስጠጣ 60 ግራም መጣ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው የሚመክረው የተጨመረ ስኳር ጣሪያ 50 ግራም ነው፤ 25 ቢሆን ይመረጣል ይላል። ብስኩቱንና ለስላሳውን ሳልቆጥር በሻይ ብቻ ጣሪያውን አልፌዋለሁ። እንቅልፍ ማጣቱ ራሱም ዝም ብሎ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣት ወንዶች ላይ በተሠራ አንድ ትንሽ ሙከራ፣ ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ ሲተኙ የጥጋብ ሆርሞናቸው በ18 በመቶ ወርዶ፣ የረሃብ ሆርሞናቸው በ28 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ያማራቸውም ጣፋጩና ዱቄት ነክ የሆነው ምግብ ነበር። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ብስኩት ፍለጋ ቁም ሳጥን የከፈተ ሰው ጥናት አያስፈልገውም፤ ጥናቱ ግን «ራሴን መግዛት ያቃተኝ ነኝ» ብዬ ራሴን ከመውቀስ ገላግሎኛል።

አሁን ወዳደረግኩት ልግባ። የጀመርኩት ከገንዘቡ እንጂ ከምግቡ አይደለም። የሚገባውን ክፍያ ሁሉ በአንድ ሒሳብ አጠራቅሜ፣ ለወጥ ቤቱ በየሳምንቱ እኩል መጠን የምከፍል «ቀጣሪ» ሆንኩ። ደህና ክፍያ ሲገባም የሳምንቱ ድርሻ አይጨምርም፤ ትርፉ ለደረቁ ሳምንት ይቀመጣል። ይህን ለማድረግ የመጀመሪያው ወር ከባድ ነው፣ ምክንያቱም የሚቀመጥ ነገር የለም። እኔ የጀመርኩት አንድ ደንበኛዬ የቆየ ዕዳውን ሲከፍለኝ ነው። ለአዲስ ደንበኞች ደግሞ ሥራ ከመጀመሬ በፊት የተወሰነ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ጀመርኩ። ለመጠየቅ አፍሬ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ያለ ክርክር ከፈሉ። ከአመጋገብ ምክር ሁሉ በላይ ወገቤን የጠቀመው ይህ የሒሳብ ሥራ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወጥ ቤቱ ፌሽታና ጾም መፈራረቁን አቆመ።

ሁለተኛው የግዢ ቅደም ተከተል ነው። ገንዘብ በእጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚገዛው ጥራጥሬ ሆነ፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ። ደብተሬ ላይ ፕሮቲኑን በዋጋ ሳካፍል ከሁሉም የረከሰው እሱ ነበር። መቶ ግራም ደረቅ ምስርና መቶ ግራም ነጭ ዱቄት በኃይል እኩል ሊባሉ ይችላሉ፤ ሁለቱም 350 ካሎሪ አካባቢ ናቸው። ፕሮቲኑ ግን ምስሩ ላይ 24 ግራም ገደማ ሲሆን ዱቄቱ ላይ 10 ገደማ ነው፤ አሰሩም (ሆድ ውስጥ የማይፈጨው የምግብ ክፍል) ምስሩ ላይ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከሰዓት በኋላ ነው። ዳቦ በሻይ የበላሁ ቀን አሥር ሰዓት ላይ በረሃብ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ምስር የበላሁ ቀን ግን እራት እስኪደርስ ረሃቡን አላስታውሰውም። ስለዚህ አሁን ዕቃ ስገዛ «ስንት ኪሎ ነው?» ከማለት ይልቅ «ስንት ሰዓት ያቆየናል?» እላለሁ። እናቴ መጀመሪያ ሳቀችብኝ። አሁን እሷም ትለዋለች።

ጥራጥሬ ግን ነዳጅ ይበላል፤ ይህን የማይናገር የአመጋገብ ምክር ወጥ ቤት ገብቶ አያውቅም። ባቄላን ማታ ዘፍዝፎ የመዘፍዘፊያውን ውኃ ደፍቶ መቀቀል ጊዜውን በደንብ ያሳጥረዋል። እኔ በሳምንት አንዴ ትልቅ ድስት እቀቅልና የቀን የቀኑን ከፍዬ አቀዘቅዘዋለሁ። ማቀዝቀዣ የሌለው ሰው ፈጥኖ የሚበስለውን የተከካ ምስር ቢይዝ ይሻለዋል። ነዳጁ ሲቆጠር ርካሹ ምግብ ርካሽ ላይሆን ይችላል፣ ስለዚህ በዋጋው ዓምድ ላይ እሱንም ደምሩበት።

ዘይቱን በተመለከተ አንድ ቀላል ነገር አደረግኩ። በፊት ከትልቁ ጀሪካን በቀጥታ ድስት ላይ አዘነብል ነበር። አንድ ቀን በሾርባ ማንኪያ እየለካሁ እስከለመድኩት ድረስ ስጨምር፣ ለአንድ ወጥ የሚገባው ስምንት ማንኪያ ሆኖ አረፈው፤ ወደ አንድ ሺሕ ካሎሪ ገደማ፣ ምስሩም ሽንኩርቱም ሳይቆጠር። ከዚያ ወዲህ የሳምንቱን ዘይት በትንሽ ጠርሙስ ቀድቼ ጀሪካኑን ከምድጃው አርቄ አስቀምጣለሁ። ጠርሙሱ ካለቀ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ሽንኩርቱ በውኃ ይበስላል። ጣዕሙ ይቀየራል፣ አልዋሽም። ግን ሽንኩርቱን በዝግታ፣ በትንሽ እሳት፣ ውኃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል ብዙውን ይክሳል። ጥቅሙ ደግሞ ዘይቱ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ የተረፈው ገንዘብ እንቁላል ይሆናል።

ስኳሩን በአንድ ጊዜ አላቆምኩትም። ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት ተኩል፣ ከዚያ ወደ ሁለት እያልኩ ወረድኩ፤ ምላስ ቀስ ብሎ ይለምዳል። ለስላሳውን ግን ከሳምንታዊው ዝርዝር አወጣሁት። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለው፤ የሻይ ማንኪያ ሲሆን ዘጠኝ። ለትልቋ ልጄ ይህን በባዶ ብርጭቆ ላይ በማንኪያ እየቆጠርኩ ሳሳያት «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይጠጣል?» አለችኝ። ትጠጣው የነበረችው እሷ ናት።

ስለ ፋብሪካ ምግብ ብዙ ማለት ይቻል ነበር፣ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ሙከራ 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በእጅጉ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ እንዳሻቸው እንዲበሉ ተደረገ። የሚቀርብላቸው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ቅባትና አሰር ተመጣጣኝ ነበር። የተቀነባበረውን ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ አንድ ኪሎ የሚጠጋም ጨመሩ። ያልተቀነባበረውን ምግብ ለማዘጋጀት የወጣው ወጪ ግን የበለጠ ነበር። ዋጋ፣ ጊዜና ውፍረት እንዴት እንደሚተሳሰሩ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ሙከራ አላየሁም።

ሌላው የድህነት ቅጣት ትንሽ በትንሽ መግዛት ነው። ሩብ ሊትር፣ ሩብ ኪሎ እያሉ የሚገዙት ሲደመር ከትልቁ እሽግ ይወደዳል፤ ትልቁን ለመግዛት ደግሞ የአንድ ጊዜ ገንዘብ ይጠይቃል። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ገንዘብ አዋጥተን ጥራጥሬ በጆንያ ገዝተን እንካፈላለን። መጀመሪያ ሚዛኑ ላይ ትንሽ መተዛዘብ ነበር፤ አሁን አንዷ ትመዝናለች፣ ሌላዋ ቀድማ ትመርጣለች፣ ሰላም ሆነ።

ቁርስ መዝለሌን ተውኩ። እንቁላል ካለ እንቁላል፣ ከሌለ የተረፈ ምስር። «ልጆቹ ጋ ይጉደል?» ለሚለኝ፣ ማታ ጠራርጌ የምበላው ነው ወደ ጠዋት የዞረው እንጂ ከእነሱ የተቀነሰ የለም። እንቅልፉን ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አላስተካከልኩትም። ደንበኞቼ ሰነድ የሚያስረክቡበትን ቀን ከወሩ መጨረሻ ቀደም አድርጌ የሌሊቱን ሥራ ቀንሻለሁ፤ በግብር ሰሞን ግን ያው ነው። እግር ጉዞም እሄዳለሁ። ነፃ ስለሆነ እወደዋለሁ፣ ግፊትም ይጠቅማል፤ ክብደት የቀነሰልኝ ግን ይበልጡን ድስቱ ነው።

ውጤቱን ለሚጠይቀኝ፣ ተአምር የለም። ክብደቴ በዝግታ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተመለሰ ወርዷል፤ አሁንም ሸንቃጣ አይደለሁም። ሐኪሞች እንደሚሉት ግን ከክብደት 5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንኳ ግፊትና የደም ስኳር ላይ ለውጥ ያመጣል፤ እኔም በግፊቱ በኩል አይቼዋለሁ። ሚዛን የሌለው ሰው ወገቡን በሜትር ይለካ። ትንፋሽ አውጥቶ፣ ከጎድን አጥንት ግርጌና ከዳሌ አጥንት መሀል፣ ሜትሩን ሳያጠብቁ ማዞር ነው። ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ሥራም ልናገር። በዚያ መሀል ቋሚ ሥራ ለማግኘት ቃለ መጠይቅ ሄጄ፣ ጠያቂው ከወረቀቴ ይልቅ ወንበሩ ይበቃኝ እንደሆነ ሲያይ ያዝኩት። ሥራውን ያጣሁት በዚያ ነው ብዬ መማል አልችልም። ውፍረት በተለይ ሴቶችን በቅጥርና በደመወዝ እንደሚጎዳ ግን ጥናቶች አሳይተዋል። ስለዚህ ነገሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይሄድም፤ ገቢ ማነስ ያወፍራል፣ ውፍረቱ ደግሞ ገቢ ይቀንሳል።

ይህን ሁሉ ብዬ ነገሩ በደብተርና በማንኪያ ብቻ ያልቃል ብል ሐሰት ይሆናል። የዋጋውን መልክ የሚወስን ሌላ ነው። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 መባቻ በስኳር በተጣፈጡ መጠጦች ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ግብር ስትጥል፣ በመጀመሪያው ዓመት ግዢው በአማካይ 6 በመቶ ቀንሷል፤ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው ቤተሰቦች ዘንድ ደግሞ 9 በመቶ። ለስላሳ ቢወደድ እኔ አልቃወምም። ግን የሚሰበሰበው ገንዘብ አትክልቱን ካላረከሰልኝ፣ ከደረሰኜ ላይ አንድ መስመር ሰርዞ ሌላ አላስገባልኝም ማለት ነው።

ፍራፍሬ ላይ እስካሁን አልተሳካልኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ፍራፍሬና አትክልት ተደምሮ በቀን ቢያንስ 400 ግራም ይላል፤ ለአራት ሰው 1.6 ኪሎ መሆኑ ነው። እኛ የምንሞላው በጥቅል ጎመን፣ በካሮትና በዱባ ነው፤ ርካሽ ናቸው፣ ቶሎም አይበላሹም። ፍራፍሬ የምገዛው ወቅቱ ደርሶ ሲረክስ፣ ወይም አመሻሽ ላይ ነጋዴው ከሚያሳድረው ብሎ ዋጋ ሲሰብር ነው። ልስልስ ያለውን ነው የምመርጠው፤ ጣፋጭም ርካሽም እሱ ነው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ፣ ነፍሰ ጡር የሆናችሁ፣ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ግን ምግባችሁን ከመቀያየራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ። ስትሄዱም ደረሰኞቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ።